ባዶ ጉድጓድ ባለቤት አለው?

ክረምት ሲባል ለእኛ ዝናብና ጭቃ ነው። ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ እንስሳት ግን ምግብ የሚጠፋበት፣ መሬቱም በውርጭ የሚጠጥርበት ወቅት ነው። አንዳንዶቹ ይህን ጊዜ በረዥም እንቅልፍ ያልፉታል። የሰውነታቸው ሙቀት ይወርዳል፤ የልባቸው ምትና ትንፋሻቸው እጅግ ይቀንሳል፤ ያጠራቀሙትን ስብ ወይም ስንቅ እየቆጠቡ ይቆያሉ።

እንቅልፉ የሚሳካው ግን መጠለያው ደህና ከሆነ ብቻ ነው። የአውሮፓ ሀምስተር የተባለው የአይጥ ዘመድ እስከ 2 ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ውርጩ እዚያ አይደርስም። በየመካከሉ እየነቃም ያከማቸውን እህል ይመገባል። የሌሊት ወፍ ደግሞ ሙቀቱ ብዙ የማይለዋወጥ ዋሻ ትመርጣለች። በተደጋጋሚ ከተቀሰቀሰች ስቧ ያልቅና በረሃብ ትሞታለች። እ.ኤ.አ. በ2006 በኒውዮርክ ግዛት ዋሻ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው የፈንገስ በሽታ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የሌሊት ወፎችን የፈጀው በዋናነት እንቅልፋቸውን በማወክ ነው።

ታዲያ እንስሳውን አትግደሉ እያሉ ቤቱን ማፍረስ ቢፈቀድ ጥበቃው ምን ይረባል? እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የአውሮፓ የተፈጥሮ ጥበቃ መመሪያ ጥብቅ ከለላ የተሰጣቸውን እንስሳት መግደል ብቻ ሳይሆን፣ የመራቢያና የማረፊያ ቦታቸውን ማበላሸትም ይከለክላል።

ሕጉ የተፈተነው በቪየና ነው። ለሕንጻ ሥራ መሬት ሲጠረግ የሀምስተር ጉድጓዶች ፈረሱ፤ የገንቢው ኩባንያ ሠራተኛም መቀጫ ተጣለበት። መከራከሪያው ቀላል ነበር፦ «ጉድጓዶቹ በወቅቱ ባዶ ነበሩ» የሚል። ጉዳዩ የደረሰው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2 ቀን 2020 በሰጠው ውሳኔ፣ እንስሳው የመመለስ ዕድሉ በበቂ ሁኔታ ከፍተኛ ከሆነ ባዶ ማረፊያም ጥበቃ እንደማይነፈገው ተረጎመ። በዚያው ዓመት ዝርያው ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መካከል በዓለም አቀፍ ደረጃ ተመዝግቧል።

ትርጉሙ ለገንቢም ፍርደ ገምድል አይደለም። ተመላሽ የማይጠበቅበትን ጉድጓድ ሁሉ አይሸፍንም፤ መመሪያውም ሌላ አማራጭ ሲታጣና በቂ ምክንያት ሲኖር ልዩ ፈቃድ እንዲሰጥ በር ከፍቷል። የሚጠየቀው አካፋ ከማንሳት በፊት ማጣራትና ማስፈቀድ ነው። ለሥራ ርቆ የሄደ ሰው ቤቱ ተቆልፎ ስለተገኘ ብቻ ባለቤት አልባ አይባልም። ለሀምስተሩም የተሰጠው ፍርድ ከዚህ የራቀ አይደለም።