በነጻነት ዋዜማ የተከፈተ ሙዚየም

ባለፈው መሰባሰባችን ላይ አንድ የክፍላችን ልጅ «አክራ ሄደህ ምን አየህ?» ብሎኝ፣ በጫጫታው መሀል በቅጡ ሳልመልስለት ተለያየን። ወሬው እዚህ ይቀጥል።

ያየሁት የጋናን ብሔራዊ ሙዚየም ነው፤ ለዓመታት ለእድሳት ተዘግቶ እ.ኤ.አ. በ2022 እንደገና የተከፈተውን። መጀመሪያ የተከፈተው ማርች 5 ቀን 1957፣ አገሪቱ ነጻነቷን ልታውጅ አንድ ቀን ሲቀራት ነበር። ስብስቡ ግን በአንድ ሌሊት የመጣ አይደለም። መነሻው በአቺሞታ ኮሌጅ የተጠራቀመው ቅርስ ነው፤ በ1948 የጎልድ ኮስት ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከተመሠረተ በኋላ ወደ አርኪዮሎጂ ትምህርት ክፍሉ ተዛወረ፤ ኋላም ለብሔራዊው ሙዚየም መሠረት ሆነ። የመጀመሪያው ዳይሬክተርም የዚያው ክፍል ፕሮፌሰር ኤ. ደብሊው. ሎረንስ ነበሩ (አዎ፣ የ«ሎረንስ ኦፍ አረቢያ» ወንድም)። ስድስት ኪሎ ለተማርን ሰዎች ይህ እንግዳ አይሆንብንም፤ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየምም የዩኒቨርሲቲ ልጅ ነው።

ብዙ የቆምኩት የአካን ሕዝብ የወርቅ መመዘኛዎች ፊት ነው። የወርቅ ዱቄት ገንዘብ በነበረበት ዘመን ነጋዴው የራሱን መመዘኛ ይዞ ይዞር ነበር። ከነሐስ የተሠሩ ትንንሽ ወፎች፣ ዓሦች፣ አዞዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ ተረትና ምሳሌ ያዘሉ። አሠራሩ ደግሞ የእኛው ዘመድ ነው። አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ያበጃል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፤ እሳት ሲነካው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በቦታው ነሐስ ይፈስበታል። ስንት ዓመት «ሰምና ወርቅ» እያልን ቅኔ ስናወራ፣ ነገሩ የአንጥረኛ ሙያ መሆኑን ስንቶቻችን ልብ ብለናል?

ቅር ያለኝ የሠሪዎቹ ስም አለመኖሩ ነው። በቅኝ ግዛት ዘመን የሰበሰቡት ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሕዝቡንና የአካባቢውን ስም እንጂ የባለሙያውን አልመዘገቡም። ፈረንጆቹ ላይ ልፈርድ ስል ግን የራሴ ደብተር ትዝ አለኝ።

በ1979 ዓ.ም. ለመመረቂያ ጽሑፍ መረጃ ፍለጋ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ወርደን፣ አንድ ሽማግሌ አንጥረኛ የአንገት መስቀል በሰም እያበጁ ሁለት ቀን ሙሉ አስተማሩን። ስንሰነባበት ትንሽ ሚዛናቸውን ሰጡኝ። ደብተሬ ላይ የሰፈረው «የአንጥረኛ ሚዛን፣ ጎጃም» የሚል ብቻ ነው። አብራችሁኝ የነበራችሁ፣ ስማቸውን የምታስታውሱ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። እኔ ትዝ የሚለኝ «አባባ» ስንላቸው ብቻ ነው።