ቅጠል፣ ጥቅልል፣ ሐረግ፦ የአንድ ቀጭን መጋዝ የስያሜ ታሪክ

አንድ መሣሪያ ከአገር ወደ አገር ሲሻገር ስሙ በሦስት መንገድ ሊከተለው ይችላል። በድምፁ እንዳለ ይወሰዳል፣ በትርጉሙ ይመለሳል፣ ወይም ተቀባዩ ሕዝብ እንደ አዲስ ይሰይመዋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ እንግሊዝኛ «ስክሮል ሶው» የሚለውን መጋዝ ምሳሌ አድርገን ሦስቱንም መንገዶች እንመለከታለን፤ በመጨረሻም ለአማርኛ የሚስማማውን ስያሜ እንጠቁማለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

መጋዙ እንደ ክር የቀጠነ፣ ከሁለቱም ጫፎቹ የተወጠረ ስለት አለው። በጣውላው ላይ በተበሳ ቀዳዳ ስለቱን አሹልኮ በማሰር፣ የጣውላውን ጠርዝ ሳይነኩ መካከሉን እንደ ልብ እያጠማዘዙ ለመቁረጥ ያስችላል። ይህን የመሰለ ቀጭን ስለት ለላቀ ሥራ ካዋሉት ባለሙያዎች አንዱ ፈረንሳዊው የቤት ዕቃ ሠሪ አንድሬ ሻርል ቡል (1642–1732) ነው። የኤሊ ልብስና የናስ ገበታ ደራርቦ በአንድ ጊዜ በመቁረጥ፣ የአንዱን ቅርጽ በሌላው ክፍተት እየገጠመ ያስጌጥ ነበር።

ጀርመኖች መጋዙን «ላውብዜገ» አሉት፤ «ላውብ» ቅጠል ማለት ነው። ስያሜው መሣሪያውን ሳይሆን መሣሪያው የሚያወጣውን የቅጠላ ቅጠል ጌጥ ይመለከታል። ሩሲያኛ ቃሉን በድምፁ ወስዶ «ሎብዚክ» አደረገው። የሀንጋሪ «ሎምብፉሬስ»፣ የስዊድን «ሌቭሶግ» እና የፊንላንድ «ሌህቲሳሃ» ግን የትርጉም ውሰት ናቸው፤ ሁሉም «የቅጠል መጋዝ» ማለት ናቸው። ሆላንዶች በበኩላቸው «የቅርጽ መጋዝ» ብለው በራሳቸው መንገድ ሰየሙት። እንግሊዝኛው «ስክሮል» በመሠረቱ ጥቅል ብራና ሲሆን፣ በእንጨት ሥራ ዘንድ ጫፉ እንደ ጥቅል የተጠመዘዘውን ጌጥ ያመለክታል። ስለዚህ «የጥቅልል መጋዝ» ብሎ ቃል በቃል የሚመልስ ተርጓሚ ለአናጺው ምንም አልነገረውም።

ስያሜዎቹ ከባለሙያው አልፈው ወደ ሕዝብ የገቡት ሥራው የትርፍ ጊዜ መዝናኛ በሆነ ጊዜ ነው። በ1870ዎቹ በአሜሪካ፣ ኢሊኖይ፣ ሮክፎርድ ከተማ የባርንስ ወንድማማቾች በእግር የሚረገጡ መጋዞችን ይሠሩ ነበር። በእንግሊዝ አገር ደግሞ «ሆቢስ» የተባለው ሳምንታዊ መጽሔት በ1895 ተመሠረተ፤ ዴርሃም በተባለች የኖርፎክ ከተማ የነበረው ድርጅቱም ለዚሁ ሥራ የሚሆኑ መሣሪያዎችንና ጣውላዎችን ይሸጥ ነበር። ከመጽሔቱ ጋር የሚታደለውን ንድፍ በየቤቱ በጣውላ ላይ እየለጠፉ ይቆርጡ ነበር፤ የተጠናቀቀውም የፎቶግራፍ ክፈፍ፣ የሰዓት ቤት ወይም መደርደሪያ ለዘመድ ወዳጅ ስጦታ ይሆን ነበር። በዚህ ዓይነት ንድፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሙያው ቃላትም አብረውት ተዘዋወሩ።

ይሁን እንጂ ቃልና ዕቃ ሁልጊዜ አብረው አይጓዙም። የለንደኑ ካርታ ሠሪ ጆን ስፒልስበሪ በ1760ዎቹ ካርታ በእንጨት ላይ ለጥፎ በየአገሩ ወሰን እየቆረጠ ለመማሪያ ሸጠ፤ ጨዋታው «ጂግሶው» የሚለውን ስም ያገኘው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። «ጂግሶው» ራሱ ቀድሞ ወደ ላይና ወደ ታች ለሚዘለው የጠረጴዛ መጋዝ ይነገር ነበር፤ ዛሬ በአብዛኛው በእጅ ለሚያዘው የኤሌክትሪክ መጋዝ ይነገራል። ሩሲያኛም ይህንኑ የእጅ መጋዝ «ኤሌክትሮሎብዚክ» ይለዋል።

ልዩነቱ የቃል ጨዋታ አይደለም። በአንደኛው መጋዙ ቆሞ እንጨቱ ይንቀሳቀሳል፤ በሌላው እንጨቱ ታስሮ መጋዙ ይንቀሳቀሳል። «እንጨቱን በሁለት እጅ ይዘህ ወደ ስለቱ ግፋ» የሚለው መመሪያ ለመጀመሪያው ትክክል ነው፤ ለሁለተኛው ግን ጣት ያስቆርጣል። ሁለቱን መሣሪያዎች በአንድ ቃል የሚጠራ ትርጉም ለተማሪው አደገኛ ነው።

በአማርኛ ምን እንበለው? ድምፁን መዋስ ከላይ የታየውን መደናገር ይዞ ይመጣል፤ «የቅጠል መጋዝ» ብንል ደግሞ ቅጠል የሚቆረጥበት ይመስላል። ነገር ግን ጀርመኖች በቅጠል ያሰቡትን ጌጥ የእኛ ጸሐፍት ቀድሞውኑ በተክል ስም ጠርተውታል። በብራና መጻሕፍት ገጽ ራስ ላይ የሚሳለው እርስ በርሱ የተጠላለፈ ጌጥ ሐረግ ይባላል፤ ይኸውም በዛፍ ላይ ከሚጠመጠመው ተክል የተወሰደ ስም ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ በተሠሩት የአዲስ አበባ ባለ በረንዳ ቤቶች የጣሪያ ክፈፍ ላይ ተፈልፍሎ የሚታየውም የእንጨት ጌጥ ከዚሁ አስተሳሰብ አይርቅም። ስለዚህ ለጠረጴዛው መሣሪያ «የሐረግ መጋዝ»፣ በእጅ ለሚያዘው ደግሞ «የእጅ ኤሌክትሪክ መጋዝ» እንዲባል እናቀርባለን።

ሐረግ በሰዋስው የቃላት ስብስብ፣ በዘር ቆጠራም የትውልድ መስመር ስም ነውና ይምታታል የሚሉ ይኖራሉ። ሆኖም «መጋዝ» ከሚለው ቃል ጎን ሲቆም ሰዋስውን ወይም የትውልድን መስመር የሚያስብ አንባቢ አይገኝም። የተሻለ አቻ ያለው ባልደረባ ቢኖር ግን ሐሳቡን እንዲያቀርብ እንጋብዛለን፤ የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጡት ግን መጋዙን የሚይዙት ሰዎች ናቸው።