ከቢራ ማቀዝቀዣ እስከ ካንሰር ሕክምና ክፍል

በሰሜን እንግሊዝ ያለችው የሃደርስፊልድ ከተማ የምትታወቀው በሱፍ ጨርቅ ነው። በከተማዋ የሚኖረው የፓክስማን ቤተሰብ ግን የሚተዳደረው በቅዝቃዜ ሙያ ነበር። አባትየው ኤሪክ ፓክስማን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለመጠጥ ቤቶች የሚሆን የቢራ ማቀዝቀዣ ሠሩ፤ ሥራውም ወደ ልጆቻቸው ተላለፈ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የልጃቸው የግሌን ባለቤት፣ የአራት ልጆች እናት የሆኑት ሱ፣ የጡት ካንሰር ያዛቸው። ኬሞቴራፒ ሲጀምሩ ፀጉር እንዳይረግፍ በዘመኑ ይደረግ የነበረውን ቀዝቃዛ ቆብ ሞከሩት። ፀጉራቸው ግን ከመርገፍ አልዳነም።

የኬሞ መድኃኒት የሚያጠቃው በፍጥነት የሚራቡ ሕዋሳትን ነው። ካንሰሩን ከጤነኛው አካል አይለይምና በፍጥነት የሚራቡትን የፀጉር ሥር ሕዋሳትም አብሮ ይመታል። የራስ ቆዳ ሲቀዘቅዝ የደም ሥሮቹ ይጠባሉ፤ ወደ ፀጉሩ ሥር የሚደርሰው መድኃኒት ይቀንሳል፤ ሕዋሳቱም ሥራቸውን ያዘገያሉ።

ይህ የቅዝቃዜ ጥቅም ሱ ከመታመማቸው በፊትም የታወቀ ነበር። በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ሐኪሞች ቅዝቃዜ የፀጉር መርገፍን እንደሚቀንስ የሚያሳይ ጥናት በ1979 አሳትመዋል። ችግሩ መሣሪያው ላይ ነበር። በረዶ የተሞላውም ሆነ በማቀዝቀዣ የከረመው ቆብ ከባድ ነው፤ ጭንቅላት ላይ እንደዋለ መሞቅ ስለሚጀምር በየጊዜው መቀየር አለበት። የደኅንነት ጥያቄም ነበር፤ የራስ ቆዳው ከመድኃኒቱ ከተከለለ የካንሰር ሕዋስ እዚያ ይሸሸግ ይሆን? የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በቂ ማስረጃ አልቀረበም ብሎ በ1990 የቆቦቹን ሽያጭ አስቆመ።

ግሌን ፓክስማን ግን የባለቤታቸው ቆብ የከሸፈበትን ምክንያት በባለሙያ ዓይን አዩት። ቅዝቃዜን ለሰዓታት ሳያዛንፉ ማቆየት የቤተሰባቸው የዕለት ሥራ ነበር። ቀዝቃዛ ፈሳሽ በቱቦ ቆቡ ውስጥ እየተዘዋወረ ሙቀቱን ይዞ የሚመለስበት መሣሪያ ተሠራ፤ የመጀመሪያውም በ1997 በከተማቸው ሆስፒታል፣ በሃደርስፊልድ ሮያል ኢንፈርመሪ ተተከለ። ሱ በ2000 አረፉ።

ዛሬ ታካሚዋ መድኃኒቱ ከመጀመሩ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብላ ቆቡን ታጠልቃለች፤ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም እንደ መድኃኒቱ ዓይነት አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ከዚያም በላይ ልትቆይበት ትችላለች። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይከብዳሉ፣ ራስ ምታትም ሊያመጡ ይችላሉ።

በ2017 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ውጤቱን በቁጥር አሳየ። ቆቡን ካደረጉ 95 የጡት ካንሰር ታካሚዎች 48ቱ አብዛኛው ፀጉራቸው ተርፎላቸዋል፤ ካላደረጉት 47 ሴቶች ግን አንዲትም አልተረፈላትም። በዚያው ዓመት የፓክስማን መሣሪያ የአሜሪካን ፈቃድ አገኘ፤ ዲግኒካፕ የተባለው የስዊድን ተመሳሳይ መሣሪያ በ2015 ቀድሞት ነበር። ቆቡ ግን ለሁሉም አይሆንም። በአንዳንድ መድኃኒቶች ላይ ብዙ አይረዳም፤ ለደም ካንሰር ታካሚዎችም አይሰጥም።

የመሣሪያዎቹ መግዣ ገንዘብስ ከየት መጣ? የጤና በጀት መድኃኒቱን ያስቀድማል፤ የታካሚዋ ምቾት ወረፋ ይጠብቃል። በብሪታንያ ይህን ክፍተት ከሞሉት አንዱ ዎክ ዘ ዎክ የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ጅምሩ በ1996 ነው፤ ኒና ባሮው ከጓደኞቻቸው ጋር ያጌጠ ጡት መያዣ ለብሰው በኒውዮርክ ማራቶን ለጡት ካንሰር ገንዘብ ለማሰባሰብ ተጓዙ። በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በለንደን ጎዳናዎች ሌሊቱን ይራመዱ ጀመር፤ ከተዋጣውም ገንዘብ በመቶዎች የሚቆጠሩ ማቀዝቀዣዎች ለሆስፒታሎች ተገዙ። በአሜሪካ ደግሞ ሄር ቱ ስቴይ የተባለ ድርጅት አቅም ለሌላቸው ታካሚዎች የቆቡን ወጪ ይደጉማል። ፀጉሯ ያልረገፈ ሴት ሕመሟን ለማን እንደምትነግር የምትመርጠው ራሷ ናት፤ ልጆቿን ትምህርት ቤት ስታደርስም ሆነ ሥራ ቦታዋ ስትገባ መልኳ ቀድሟት አያወራባትም። ለጋሾቹ የገዙላት ይህንን ነው።

አሁን ያለው ትልቅ ጉድለት ለሐበሻ አንባቢም ቅርብ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች የተሳተፉት በአብዛኛው ነጭ ሴቶች ነበሩ። በጥቁር ታካሚዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ያሳዩት ውጤት ግን ዝቅ ያለ ነው፤ አንዱ ምክንያት ቆቡ ከጥቅጥቅና ከጥቅልል ፀጉር በታች ካለው ቆዳ ጋር በደንብ አለመገናኘቱ ነው። በአሜሪካ ተመራማሪዎች ፀጉሩን ሹሩባ መሠራትን፣ በውሃና በማለስለሻ ማርጠብን እየሞከሩ ነው። ቀጣዩ የለጋሾች ገንዘብ ለማሽን ግዢ ብቻ ሳይሆን ለዚህም ምርምር መዋል ይኖርበታል።