ዓለም አቀፍ የዳንስ ቀን፦ የሙያው ሰዎች የሚሰባሰቡባቸው ቀናትና መድረኮች

ዓለም አቀፍ የዳንስ ቀን በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 29 ቀን ይከበራል። ዕለቱ በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ሚያዝያ 21 ቀን ላይ ይውላል። በዚህ ቀን የባሌት፣ የዘመናዊ ዳንስና የባህላዊ ውዝዋዜ ባለሙያዎች በቲያትር ቤቶች፣ በትምህርት ቤቶችና በአደባባዮች ሥራቸውን ያሳያሉ፤ ስለ ሙያቸው ይወያያሉ፤ ለወጣቶች ሥልጠና ይሰጣሉ።

ሥዕል በሸራ፣ ግጥም በወረቀት ሠፍሮ ለትውልድ ይቆያል። ዳንስ ግን ዋነኛ ማደሪያው የሰው አካል ነው። ፊልም መልኩን ሊያስቀር ይችላል፤ ትንፋሹን፣ ክብደቱንና ከከበሮው ጋር ያለውን ስምምነት የሚያስተላልፈው ግን ጭፈራውን የሚያውቅ ሰው ነው። አዋቂው ሳያስተምር ካለፈ እውቀቱም አብሮት ያልፋል። ለዳንስ ባለሙያዎች መሰባሰብ ትልቅ ትርጉም ያለውም በዚህ ምክንያት ነው። ከአገሩ ርቆ ለሚኖር ማኅበረሰብ ደግሞ ጉዳዩ ይበልጥ የቀረበ ነው።

የቀኑ አመጣጥ

ቀኑ የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ1982 በዓለም አቀፉ የቲያትር ኢንስቲትዩት የዳንስ ኮሚቴ ነው። ኢንስቲትዩቱ በዩኔስኮ አነሳሽነት በ1948 የተቋቋመ ሲሆን፣ የትዕይንት ጥበባት ባለሙያዎችን ከየአገሩ ያገናኛል። ኮሚቴው ኤፕሪል 29ን የመረጠው ፈረንሳዊው የባሌት ሊቅ ዣን ዦርዥ ኖቬር በ1727 የተወለደበት ዕለት በመሆኑ ነው።

በኖቬር ዘመን ባሌት በአብዛኛው በኦፔራ ትዕይንቶች መካከል የሚገባ ማሳመሪያ ነበር። ተወዛዋዦች ፊታቸውን በጭምብል ይሸፍኑ፣ እንቅስቃሴ የሚያግድ ከባድ ልብስ ይለብሱ ነበር። ኖቬር በ1760 ስለ ዳንስና ስለ ባሌት በደብዳቤ መልክ የጻፈውን መጽሐፍ አሳተመ። በዚህ ሥራው ዳንስ ያለ ንግግር አንድን ታሪክ ከመነሻ እስከ ፍጻሜ ሊተርክ እንደሚችል ተከራከረ። ጭምብሉ እንዲወልቅ፣ ልብሱ እንዲቀል፣ ፊትና እጅ ስሜትን እንዲገልጹ ጠየቀ። በሽቱትጋርት፣ በቪየናና በፓሪስ ኦፔራ ካገለገለ በኋላ በ1810 አረፈ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 29 ቀን 2027 የተወለደበት 300ኛ ዓመት ይሆናል።

ዓመታዊው መልእክት

ኢንስቲትዩቱ በየዓመቱ አንድ ታዋቂ የዳንስ ባለሙያ መርጦ ለዓለም መልእክት እንዲያስተላልፍ ያደርጋል። መልእክቱ በልዩ ልዩ ቋንቋዎች ተተርጉሞ በየመድረኩ ይነበባል። የ2024ቱን መልእክት አርጀንቲናዊቷ የባሌት ተወዛዋዥ ማሪያኔላ ኑኜዝ፣ የ2025ቱን ደግሞ ሚኻይል ባሪሽኒኮቭ አስተላልፈዋል።

ከመካከለኛው ምሥራቅና ከአፍሪካም የተመረጡ አሉ። በ2018 ከየአህጉሩ አምስት ባለሙያዎች በጋራ በተመረጡበት ጊዜ የዓረቡን ዓለም የወከሉት ሊባኖሳዊቷ ጆርጄት ጄባራ ነበሩ። በ2019 ግብፃዊቷ ካሪማ ማንሱር፣ በ2020 ደቡብ አፍሪካዊው ግሪጎሪ ማቆማ መልእክቱን ጽፈዋል። ከእነዚህ ቀደም ብሎ በ1999 የተመረጡት ግብፃዊው ማሕሙድ ሬዳ ናቸው። ሬዳ በ1959 በካይሮ በስማቸው የሚጠራውን ቡድን ከመሠረቱት አንዱ ሲሆኑ፣ የግብፅን የገጠር ጭፈራዎች በየአካባቢው ተዘዋውረው በማጥናት ለቲያትር መድረክ አብቅተዋል።

የሬዳ ሥራ በየአገሩ የሚነሳ ጥያቄን ያስታውሳል። የሠርግ ጭፈራ ክብ ሠርቶ የሚጨፈር በመሆኑ ተመልካችና ተጫዋች የሚለይበት ወሰን የለውም። መድረክ ላይ ሲወጣ ግን ክቡ ይከፈታል፣ ተወዛዋዡ ፊቱን ወደ ተመልካች ያዞራል፣ ጊዜው ያጥራል፣ እንቅስቃሴው በሰልፍ ይስተካከላል። በዚህ ለውጥ ውስጥ የጭፈራውን መሠረት ሳይለቁ ማቀናበር ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

በባሕረ ሰላጤው አገራት የተመዘገቡ ጭፈራዎች

በአካባቢው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በሠርግና በብሔራዊ በዓላት ከሚያዩዋቸው ጭፈራዎች የተወሰኑት ዩኔስኮ በሚያዘጋጀው የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ መዝገብ ላይ ሠፍረዋል። አል አያላ በ2014 በተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶችና በኦማን የጋራ ጥያቄ ተመዝግቧል። አል ረዝፋም በቀጣዩ ዓመት በሁለቱ አገራት ስም ገብቷል። በዚያው በ2015 የሳዑዲ ዓረቢያው አርዳ ነጅዲያ ተመዝግቧል፤ ይህ ጭፈራ ሰይፍን፣ ከበሮንና ግጥምን ያጣምራል።

አል አያላ የጦር ሜዳን ገጽታ የሚያሳይ ጭፈራ ነው። በየረድፉ 20 ያህል ወንዶች ፊት ለፊት ተሰልፈው የጦርና የሰይፍ ምሳሌ የሆኑ ቀጫጭን የቀርቀሃ በትሮችን ይይዛሉ። በሁለቱ ረድፎች መካከል ትላልቅና ትናንሽ ከበሮዎች፣ እንዲሁም እርስ በርስ የሚጋጩ የነሐስ ሳህኖች ይመታሉ። ረድፎቹ ራሳቸውንና በትራቸውን ከምቱ ጋር እኩል እያንቀሳቀሱ ግጥም ይቀባበላሉ። በኤሚሬቶች ልጃገረዶች ባህላዊ ቀሚስ ለብሰው ከፊት በመቆም ጠጉራቸውን ግራና ቀኝ ያወዛውዛሉ። የአርሲ ኦሮሞ ሴቶችን ጭፈራ የሚያውቅ ተመልካች ጠጉርና አንገት እንዲህ የጭፈራው ማዕከል ሲሆኑ ማየቱ እንግዳ አይሆንበትም።

የአል አያላ መሪ ኃላፊነቱን አብዛኛውን ጊዜ ከቤተሰቡ ይወርሳል፤ ሌሎችን የማሠልጠን ግዴታም አለበት። የቅርስ መዝገቡም ዋና ጥያቄ ይህንኑ የሚመለከት ነው። አንድ ጭፈራ ሲመዘገብ አገራቱ ትውፊቱ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍበትን መንገድ ማሳየትና መጠበቅ ይጠበቅባቸዋል። መዝገቡ እውቅና ይሰጣል፤ ጭፈራውን በሕይወት የሚያቆዩት ግን አስተማሪውና ተማሪው ናቸው።

ከኢትዮጵያ መድረክ

ኢትዮጵያ ካስመዘገበቻቸው ቅርሶች መካከል የመስቀል በዓል በ2013፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላ በ2015 በዩኔስኮ መዝገብ ገብተዋል። ሁለቱም ዝማሬና ጭፈራ የማይለያቸው በዓላት ናቸው።

ውዝዋዜ በኢትዮጵያ የመድረክ ሙያ እየሆነ የመጣው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበርና በ1955 የተከፈተው የአሁኑ ብሔራዊ ቲያትር የየአካባቢውን ጭፈራ ወደ አዲስ አበባ መድረክ አምጥተዋል። የጎንደርና የጎጃም የትከሻ እስክስታ፣ የጉራጌ ፈጣን የእግር ምት፣ የወላይታ የወገብ እንቅስቃሴና የትግራይ የክብ ጭፈራ በአንድ ምሽት ለአንድ ተመልካች የሚቀርቡበት ልማድ በእነዚህ ቤቶች ጎልብቷል። አንድ ተወዛዋዥ የብዙ አካባቢዎችን ጭፈራ አሳምሮ የማወቅ ግዴታ የመጣበትም ከዚሁ የተነሳ ነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የብሪታንያው ኮሪዮግራፈር ሮይስተን ማልዱም በአዲስ አበባ ከጎዳና ልጆች ጋር የጀመረው ሥልጠና አዱኛ የተባለውን የዳንስ ቡድን አስገኝቷል። ከዚህ ቡድን የወጣው ጁነይድ ጀማል ሰንዲ በ2004 እና በ2005 በሮሌክስ የመምህርና ደቀ መዝሙር መርሐ ግብር ከጃፓናዊው ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ጋር ተምሯል። ከአዱኛ ባልደረባው አዲሱ ደምሴ ጋርም በዴስቲኖ የዳንስ ቡድን አብረው ሠርተዋል። በሌላ በኩል በካዛንቺስ ፈንድቃ አዝማሪ ቤት ለሽልማት ሲጨፍር የኖረው መላኩ በላይ ቤቱን ተረክቦ የባህል ማዕከል አድርጎታል፤ እስክስታንም በልዩ ልዩ አህጉራት መድረኮች አሳይቷል። የፈረንሳይ መንግሥት በ2015 በኪነ ጥበብና በሥነ ጽሑፍ ዘርፍ የሚሰጠውን የሼቫሊየ ኒሻን ሸልሞታል።

የእነዚህ ባለሙያዎች መንገድ ቢለያይም አንድ የጋራ ነገር አለው። ሁሉም የተማሩት ከሰው ነው፤ አንዱ ከሥልጠና አዳራሽ፣ ሌላው ከአዝማሪ ቤት።

በዓመቱ ውስጥ የሚመላለሱ መሰባሰቢያዎች

የሚከተሉት ዝግጅቶች በየጊዜው የሚካሄዱ ናቸው። ትክክለኛው ቀን ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ ከአዘጋጆቹ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የሎዛን ሽልማት፦ በስዊዘርላንድ ከ1973 ጀምሮ የሚካሄድ የወጣት ባሌት ተወዛዋዦች ውድድር ነው። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 18 ዓመት የሆኑ ወጣቶች በጃንዋሪ መጨረሻና በፌብሩዋሪ መጀመሪያ አካባቢ ይወዳደሩበታል።

የአቡዳቢ ፌስቲቫል፦ በ2004 የተጀመረ ሲሆን የሙዚቃና የዳንስ ትዕይንቶችን ከልዩ ልዩ አገራት ያመጣል።

የሻርጃ የቅርስ ቀናት፦ ከበጋው ሙቀት በፊት ባሉት ወራት የሚካሄድ ነው። የኤሚሬቶችና የእንግዳ አገራት ባህላዊ ጭፈራዎች ለሕዝብ የሚቀርቡበት በመሆኑ ለቤተሰብ የተመቸ ነው።

ቢፖድ፦ በቤሩት ከ2004 ጀምሮ የተዘጋጀ የዘመናዊ ዳንስ መድረክ ሲሆን፣ የዓረቡን ዓለም ኮሪዮግራፈሮች ከውጭ ባለሙያዎች ጋር አገናኝቷል።

የአቢጃን የትዕይንት ጥበባት ገበያ፦ በኮትዲቯር በ1993 የተጀመረ ነው። የአፍሪካ ቡድኖች ሥራቸውን ለፌስቲቫል አዘጋጆች ያሳዩበታል።

የዓለም የባሌት ቀን፦ በ2014 የተጀመረ ሲሆን፣ ታላላቅ የባሌት ቡድኖች የዕለት ልምምዳቸውን በኢንተርኔት በቀጥታ ያስተላልፉበታል። መገኘት የማይችል ሰው ከስልኩ በነፃ ሊከታተለው ይችላል።

የሼኽ ዛይድ ፌስቲቫል፦ በአቡዳቢ አል ወስባ በክረምቱ ወራት የሚካሄድ ሲሆን፣ አል አያላን ጨምሮ የብዙ አገራት ባህላዊ ትዕይንቶች ይታዩበታል።

ከነዚህም ሌላ በ2011 የተከፈተው የሙስካት ንጉሣዊ ኦፔራ ቤትና በ2016 የተከፈተው ዱባይ ኦፔራ በየወቅቱ የባሌትና የዳንስ ትዕይንት ያቀርባሉ። ለረዥም ጊዜ ሥልጠና የሚያስቡ ደግሞ ጀርሜን አኮኚ በ1998 በሴኔጋል የመሠረቱትን ኤኮል ደ ሳብል ያስታውሳሉ፤ ተቋሙ ከመላው አፍሪካ የመጡ ተወዛዋዦችን ያስተምራል።

በሙያው መሥራት ለሚሹ ነዋሪዎች

በዓል ላይ ከወዳጅ ጋር መጨፈርና በክፍያ መድረክ ላይ መውጣት በሕግ ፊት የተለያዩ ናቸው። በተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች ማንኛውም ሰው ለክፍያ ለመሥራት የሥራ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የሥራ ግንኙነት ሕግ ከሙሉ ጊዜ ሥራ በተጨማሪ የትርፍ ሰዓትና ጊዜያዊ ሥራን ያውቃል። ስለዚህ በሌላ ሙያ የተቀጠረ ተወዛዋዥ በሳምንቱ መጨረሻ በክፍያ ከመጨፈሩ በፊት ለዚያ ሥራ የሚሆን ፈቃድ ማግኘት አለበት። የቤት ውስጥ ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ በመሆኑ ሁኔታቸውን ለይተው መጠየቅ ይኖርባቸዋል።

የሕዝብ ትዕይንት የሚያዘጋጅ አካልም የዝግጅት ፈቃድ ያስፈልገዋል። በዱባይ ፈቃዱን የሚሰጠው የኢኮኖሚና የቱሪዝም መምሪያ ሲሆን፣ በአቡዳቢ የባህልና የቱሪዝም መምሪያ ነው። ተወዛዋዡ ጥሪ ሲቀርብለት ፈቃዱ መውጣቱን ቢጠይቅ ራሱን ከችግር ይጠብቃል።

ከአገር ቤት ለሚመጡ ወጣቶች ጥንቃቄው ከዚህም ይጠብቃል። በዳንሰኛነት ሥራ ስም የሚቀርብ ጥሪ አንዳንድ ጊዜ የሕገወጥ አዘዋዋሪዎች ወጥመድ ይሆናል። ሥራው በጉብኝት ቪዛ ይጀመራል ከተባለ፣ የጽሑፍ ውል ከሌለ ወይም የሚሠራበት ቤት ስም ካልተገለጸ መጠርጠር ይገባል። ሕጉ አሠሪ የቅጥር ወጪን በሠራተኛው ላይ እንዳይጭን፣ ፓስፖርቱንም እንዳይዝበት ይከለክላል። የቀረበን የሥራ ጥሪ እውነተኛነት ወይም የመብት ጥያቄን በተመለከተ የሰው ኃይልና ኤሚሬታይዜሽን ሚኒስቴርን በስልክ ቁጥር 600590000 መጠየቅ ይቻላል።

በሕጋዊ መንገድ ሲሠራ ሙያው የሚያድግበት በር አለ። በባህልና በኪነ ጥበብ ጎልተው የወጡ ሰዎች በሚኖሩበት ኤሚሬት የባህል ባለሥልጣን ይሁንታ ለ10 ዓመት የሚቆይ ወርቃማ ቪዛ ሊጠይቁ ይችላሉ።

ሚያዝያ 21ን ለማክበር ታላቅ አዳራሽ ግድ አይደለም። በውጭ አገር የተወለደ ልጅ እስክስታን ከስልክ ተመልክቶ ቅርጹን ሊይዝ ይችላል፤ ትከሻው ከከበሮው ጋር የሚገናኝበትን ቅጽበት ግን ከጎኑ የቆመ ሰው ቢያሳየው ይቀለዋል። በየማኅበሩ ጭፈራን የሚያውቁ እናቶች፣ አባቶችና ወጣቶች አሉ። በዚያ ቀን አንድ ሰዓት ወስደው አንድን ጭፈራ ከነስሙ፣ ከነአካባቢውና ከነግጥሙ ለልጆች ቢያስተምሩ የቀኑ ዓላማ ተፈጽሟል ማለት ይቻላል።