ቤንዚኑ ለምን ገባ?

«ጋሼ፣ እንዳያስነሱት!»

አጎቴ የናፍጣ ፒክአፑን ቁልፍ ሊያዞር ሲል ነው ቀጂዋ የጮኸችው። በስህተት ወደ አሥር ሊትር ቤንዚን ቀድታበታለች። ራሷ ነቃች፣ ራሷ ተናገረች። መኪናውን ገፍተን ዳር አስያዝነው፤ መካኒክ ተጠርቶ ጋኑ ተራገፈ። የፈረቃ ኃላፊው ወጪው ከደሞዟ እንደሚቆረጥ እዚያው ነገራት። አጎቴ ግን የመቅጃውን ጫፍ እያየ «ቆይ፣ የማይሆን ከሆነ ለምን ገባ?» አለ።

እኔ ኮድ ጽፌ የማድር ሰው ነኝ። በእኛ ሥራ የስልክ ቁጥር በሚሞላበት ቦታ ሰው ስሙን ቢጽፍ ሲስተሙ መቀበል የለበትም። ከተቀበለ፣ ጥፋቱ የሞላው ሰው ብቻ አይደለም። ስለዚህ የአጎቴን ጥያቄ ይዤ ታሪኩን ቆፈርኩ። መልሱ የተገኘው በ1970ዎቹ አሜሪካ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)።

ነገሩ የሚጀምረው ከእርሳስ ነው። በ1921 ቶማስ ሚጅሊ የተባለ የጄኔራል ሞተርስ መሐንዲስ፣ ቤንዚን ላይ ጥቂት የእርሳስ ውህድ ቢጨመር ሞተር ማንኳኳቱን እንደሚተው ደረሰበት። ከዚያ በኋላ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ዓለም እርሳስ ያለበት ቤንዚን አቃጠለ። በ1975 ሞዴል የአሜሪካ መኪኖች ላይ ግን ጭስ የሚያጣራው ካታሊቲክ ኮንቨርተር መገጠም ጀመረ፤ እርሳስ ደግሞ ይህን ዕቃ ያበላሸዋል። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ቤንዚን ጎን ለጎን መሸጥ ግድ ሆነ። እንዳይምታቱስ ምን ይደረግ?

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት መፍትሔ በጣም ቀላል ነበር፦ የቀዳዳ ስፋት። እርሳስ አልባው ቤንዚን የሚቀዳበት ጫፍ ውፍረቱ ከ21.3 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ፣ የባለ እርሳሱ ደግሞ ከ23.6 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ ተደነገገ። የአዲሶቹ መኪኖች መሙያ አፍም ጠበበ። ወፍራሙ ጫፍ አይገባም፣ አለቀ።

አላለቀም እንጂ። ባለ እርሳሱ በጥቂት ሳንቲም ይረክስ ስለነበር አንዳንዱ ሹፌር ጠባቡን አፍ ሰብሮ ያሰፋው ጀመር። እንዲህ ያለ መከላከያ የሚያግዘው ለተሳሳተ ሰው ነው፤ አውቆ ለሚያደርገው አይሠራም።

በ1996 አሜሪካ ባለ እርሳስ ቤንዚንን ከመንገድ መኪኖች ጨርሳ አገደች። በ2021 የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያም አቆመች። እርሳሱ ሄደ፤ ጠባቡ የቤንዚን ጫፍ ግን ቀረ። የናፍጣው ጫፍ ከሱ ይሰፋል። ውጤቱን አስቡት፦ የናፍጣ ጫፍ ብዙ ጊዜ የቤንዚን መኪና ውስጥ አይገባም፤ የቤንዚኑ ጫፍ ግን ሰፊው የናፍጣ መኪና አፍ ውስጥ እንደ ቤቱ ሰተት ይላል። የቤንዚን መኪና የተጠበቀችው ከናፍጣ ትጠበቅ ተብሎ ሳይሆን ከእርሳሱ ዘመን በተረፈ ውርስ ነው። የናፍጣ መኪና ውርስ አልደረሳትም።

ድሮ ይህ ብዙም አይጎዳም ነበር። ብርድ ናፍጣውን እንዳያረጋው ትንሽ ቤንዚን መቀላቀልን የሚፈቅዱ የመኪና መመሪያዎች ሁሉ ነበሩ። በ1997 አልፋ ሮሜዮ 156 ኮመን ሬይል የሚባለውን አሠራር ለሕዝብ መኪና ሲያመጣ ግን ነገሩ ተቀየረ። የነዳጁ ግፊት ከ1,300 ባር በላይ ሆነ። ይህን ግፊት የሚፈጥረውን ፖምፓ የሚያለሰልሰው ራሱ ናፍጣው ነው። ቤንዚን ሲገባ ልስላሴው ይጠፋል፣ ብረት ከብረት ይፋተጋል፣ ፍቅፋቂው እስከ ኢንጀክተሮቹ ይሄዳል። ሹፌሩ ራሱ በሚቀዳባት ብሪታንያ፣ የአሽከርካሪ ማኅበራት በዓመት ወደ 150,000 ሰው የተሳሳተ ነዳጅ ይቀዳል ብለው ይገምታሉ።

ፎርድና ቢኤምደብሊውን የመሳሰሉ አምራቾች መልስ ያመጡት ከ2000 ወዲህ ነው። በናፍጣ መኪናው አፍ ላይ በግራና በቀኝ መያዣ ያላት ትንሽ መዝጊያ ገጠሙ። ወፍራሙ የናፍጣ ጫፍ ሁለቱን መያዣዎች እኩል ሲገፋ መዝጊያዋ ትከፈታለች። ቀጭኑ የቤንዚን ጫፍ ግን ሁለቱን ባንዴ መንካት ስለማይችል ውጭ ይቀራል። የ1970ዎቹ ዘዴ ተገልብጦ መጣ ማለት ነው፦ ያኔ ወፍራሙ ተከለከለ፣ አሁን ቀጭኑ።

ይህን ዓይነት ብልሃት ጃፓናዊው መሐንዲስ ሺጌዎ ሺንጎ መጀመሪያ «ባካ ዮኬ» ይለው ነበር፤ ቂል መከላከያ እንደማለት። አንዲት ሠራተኛ «እኔ ቂል ነኝ ወይ?» ብላ ስለከፋት፣ በ1963 «ፖካ ዮኬ» ብሎ እንደቀየረው ራሱ ጽፏል፤ ስህተት መከላከያ ማለት ነው። ለውጡ የቃል ብቻ አይደለም። የሚጠበቀው ስህተቱ እንጂ ሰውየው አይደለም።

ቀጂዋን ሳስብ ይህ ይመጣብኛል። ከደሞዟ እንደሚቆረጥ እያወቀች ባትጮህ ኖሮ ቁልፉ ይዞር ነበር፣ ፖምፓውም ያልቅለት ነበር። የሚቀጥለው ቀጂ ያንን ቅጣት አይቶ ዝም ቢልስ? አጎቴ ይህ ገብቶታል መሰለኝ፣ ለኃላፊው «ሞተሬን ያዳነችው እሷ ናት» ብሎ ወጪውን ራሱ ከፈለ።

አሁን ፒክአፑ የነዳጅ ክዳን ላይ በቀይ ቀለም «ናፍጣ» ተብሎ ተጽፏል። ጥሩ ነው። ግን የደከመ ሰው በሌሊት ፈረቃ ጽሑፍ ሳያነብ ሊያልፍ ይችላል። ያቺ ትንሽ መዝጊያ ብትኖር ሳይነበብም ትሠራ ነበር።