በግብር አዳራሽ የመቀመጫ ሥርዓት

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1890 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥታቸው ባሠሩት ታላቅ አዳራሽ ግብር በሚበላበት ዕለት፣ መሳፍንቱና መኳንንቱ፣ ካህናቱና ሠራዊቱ ሁሉ በየማዕርጋቸው የተወሰነላቸውን ስፍራ ይይዙ ነበር እንጂ፣ ማንም እንደ ፈቃዱ ገብቶ ባገኘው ቦታ አይቀመጥም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከፍ ባለው መደብ ላይ በመጋረጃ ተከልለው ከታላላቆቹ ጋራ አስቀድመው ከተመገቡ በኋላ፣ መጋረጃው ይገለጥና ሠራዊቱ በየተራው ይገባል፤ በዚህም ጊዜ ዘንግ የያዙት አጋፋሪዎች የገቢውን ማዕርግ ለይተው፣ አንዱን ወደ ላይ ሌላውን ወደ ታች ይመሩታል፤ አሳላፊዎችም ብርንዶውን ተሸክመው በማዕዱ መካከል ሲቆሙ፣ ተመጋቢው የወደደውን በቢላዋው እየቈረጠ ይበላል። የጠጁ ጥራት እንኳ እንደ መቀመጫው ይለያይ ነበር።

ይህ ሁሉ ለሆድ ብቻ የተሠራ ሥርዓት አልነበረም፤ ሞገስ ያገኘና ሞገስ ያጣ በጉባኤው ፊት የሚታወቀው፣ አዋጅ ሳይነገር፣ ከመቀመጫው ነበርና። እንግዲህ የሀገሩን የአስተዳደር ታሪክ ለመመርመር የሚሻ ሰው፣ ከደብዳቤውና ከአዋጁ ጋራ የግብሩን አቀማመጥ አብሮ ይመርምር።