የቀዶ ሐኪም እጅና መሣሪያ የሚጣጣሙበት መንገድ፤ ከሮቦት እስከ ዓይን ቆብ መቆንጠጫ

አማኑኤል፦ በምሥራቅ ጎጃም የማቻከል ወረዳ ዋና ከተማ አማኑኤል ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። በዚህ ደጋማ አካባቢ፣ እንደ ሌላው የአማራ ክልል ሁሉ፣ የዓይን ቀዶ ሕክምና ሲነሳ በቅድሚያ የሚታሰበው ትራኮማ ነው። በሽታው ለዓመታት ሲመላለስ የዓይን ቆብ ውስጠኛው ክፍል ይጠባሰስና ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይቀለበሳል፤ በእያንዳንዱ የዓይን ግርግብታም ብሌኑን ይፍቃል። የገጠሩ ኅብረተሰብ ፀጉሩን በወረንጦ እየነቀለ ለጊዜው ይገላገላል፤ ፀጉሩ ግን ተመልሶ ይበቅላል።

ዘላቂው መፍትሔ ቀዶ ሕክምና ነው። ሥራውን በአብዛኛው የሚያከናውነው የዓይን ስፔሻሊስት ሳይሆን ለዚሁ የሠለጠነ ነርስ ሲሆን፣ የሚሠራውም በጤና ጣቢያ ነው። እዚህ ላይ የሚነሳው ጥያቄ በዓለም ታላላቅ ሆስፒታሎች የሮቦት ቀዶ ሕክምና መሐንዲሶች ከሚጨነቁበት ጋር አንድ ነው፤ የሐኪሙ እጅ ያሰበውን መሣሪያው በትክክል እንዲፈጽም ምን መደረግ አለበት?

በተለመደው የሆድ ዕቃ ቀዶ ሕክምና መሣሪያው በጠባብ ቀዳዳ ስለሚገባ እጅ ወደ ቀኝ ሲሄድ የመሣሪያው ጫፍ ወደ ግራ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው ዳ ቪንቺ የተሰኘው ሮቦት ይህን ችግር በኮምፒውተር አስወግዷል። ሐኪሙ ከሕመምተኛው ራቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ሁለት እጀታዎችን ይዞ ምስሉን ይመለከታል። ኮምፒውተሩ የእያንዳንዱን መገጣጠሚያ አቋም እየለካ የእጁን እንቅስቃሴ ካሜራው በሚያይበት አቅጣጫ ይተረጉመዋል። በመሆኑም በምስሉ ላይ ግራ የሆነው ለእጁም ግራ ይሆናል።

በዚህ ሂደት ቦታና አቅጣጫ የተለያየ ደንብ አላቸው። ቦታን ማበዳደር ይቻላል። እጁ ከጠረጴዛው ዳር ሲደርስ ሐኪሙ ፔዳል ረግጦ ግንኙነቱን ያቋርጣል፤ እጁን ወደሚመቸው ሥፍራ መልሶም ይቀጥላል፤ መሣሪያው በዚህ ጊዜ ባለበት ይቆማል። የመኪና ፍሪሲዮን የሚያውቅ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። አቅጣጫን ግን እንዲህ ማድረግ አይቻልም። እጀታው ወደ ላይ፣ መርፌ መያዣው ወደ ጎን እያዩ ሥራው ከተጀመረ የሐኪሙ አንጎል የሚያየውና እጁ የሚሰማው ይጋጩበታል፤ መርፌውም ካልታሰበ ቦታ ይገባል። ስለዚህ አንዳንድ ማሽኖች እጀታውን በሞተር አዙረው ከመሣሪያው ጋር ያስተካክላሉ። ሞተር የሌላቸው ደግሞ ሐኪሙ ራሱ እጀታውን አዙሮ እስኪያገጣጥም ድረስ መሣሪያውን አይለቁም።

በዓይንና በጥቃቅን የደም ሥሮች ላይ ሲደረስ ጉዳዩ ይብሳል። የጤናማ ሰው የእጅ መንቀጥቀጥ እስከ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ገደማ ሊደርስ ይችላል፤ የሬቲና ደም ሥሮችም ስፋታቸው ከዚሁ ብዙ አይርቅም። ሮቦቱ መንቀጥቀጡን ያጣራል፤ እንቅስቃሴውንም ያሳንሳል። ለምሳሌ እጅ 10 ሚሊ ሜትር ሲሄድ ጫፉ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ እንዲሄድ ይደረጋል። በእንግሊዝ ኦክስፎርድ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2016 ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ዓይን ውስጥ በሮቦት የተሠራው ቀዶ ሕክምና አንድ መቶኛ ሚሊ ሜትር የሚሆን ስስ ሽፋን ከሬቲና ላይ ማንሳት ነበር። በ2017 ደግሞ በኔዘርላንድስ ማስትሪኽት ከተማ ሙሳ የተባለ ሮቦት ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሱ ቱቦዎችን ለመስፋት ውሏል።

በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተሞከረው ሌላው አካሄድ በእኛ አስተያየት ይበልጥ ያስተምራል። በዚያ ሐኪሙና ሮቦቱ አንዱን መሣሪያ አብረው ይይዛሉ። እጅ በቀጥታ መሣሪያው ላይ ስላለ ማጣጣም የሚባል ጣጣ የለም፤ ማሽኑ የሚያደርገው እጁን ማርጋት ብቻ ነው።

ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ማሽን ለወረዳ ጤና ጣቢያ የሚታሰብ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ሐሳቡ ግን በርካሽ ብረትም ይሠራል። በዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና የሚቆረጠው መስመር ከቆቡ ጠርዝ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከጠርዙ ጋር ትይዩ ሆኖ መሄድ አለበት። መስመሩ ከተጣመመ፣ ካጠረ ወይም ስፌቱ ከላላ ሽፋሽፍቱ ተመልሶ ይቀለበሳል። ለዚሁ የተሠራው መቆንጠጫ ቆቡን አጥብቆ ይይዛል፤ ርቀቱንም ይወስናል፤ ነርሱ በዓይን ግምት ከመሥራት ይድናል።

የእጅ ሥራው ልዩነት ምን ያህል እንደሚያመጣ በአማራ ክልል ተለክቷል። በ1,000 ሕመምተኞች ላይ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2016 ዘ ላንሴት ግሎባል ሄልዝ በተባለው መጽሔት የወጣው ጥናት ሁለት የአሠራር ዓይነቶችን አወዳድሯል። ቆቡን ከውስጥ በኩል ብቻ ቆርጦ ማዞር ሽፋሽፍቱ በ12 ወራት ውስጥ የተመለሰባቸውን ሰዎች 13 በመቶ ላይ ሲያቆም፣ ቆቡን ሙሉ በሙሉ ቆርጦ ማዞር ግን 22 በመቶ አድርሶታል። እንደ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ሲታሰብ ይህ ልዩነት ከ100 ሕመምተኞች ዘጠኙ ናቸው፤ ለሁለተኛ ጊዜ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ወይም ወደ ወረንጦው የሚመለሱ።

የጉዳዩን ስፋት ለማመልከት፣ እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት በኢትዮጵያ የዓይነ ሥውርነት መጠን 1.6 በመቶ መሆኑን፣ ከዚህም ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ፣ 11.5 በመቶው በትራኮማ ምክንያት መምጣቱን አሳይቷል።

ልምምዱን በተመለከተ ሠልጣኙ በሕመምተኛ ላይ ከመሥራቱ በፊት ከሲሊኮን በተሠራ የዓይን ቆብ ሞዴል ላይ እንዲቆርጥና እንዲሰፋ የሚያስችል መለማመጃ አለ። አሠልጣኙ ሞዴሉን ከሥራው በኋላ አንስቶ የመስመሩን ርዝመትና የስፌቶቹን ርቀት በማስመሪያ መለካት ይችላል፤ በሰው ቆብ ላይ ይህን ማድረግ አይቻልም። ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች በማግስቱ፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ፣ እንዲሁም ከ3 እስከ 6 ወራት ባለው ጊዜ እንደገና መታየት ይኖርባቸዋል። የመጨረሻው ቀጠሮ ብዙ ጊዜ ከክረምቱ ወይም ከአዝመራው ጋር የሚጋጭ በመሆኑ፣ ነርሱ በሞተር ብስክሌት ወደ ቀበሌው የሚወጣበት ነዳጅና ውሎ አበል አስቀድሞ በበጀት ሊያዝ ይገባል።